በቀጨኔ ወንዝ ዳር ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት፦ ገዝተን እናድሰው ወይስ ይቅርብን?

ተከራዩ (ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆች ይዘን አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ መኖር ከጀመርን 11 ዓመት ሆኖናል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ዕቃ ጭነን ቤት ቀይረናል። ያጠራቀምነው ገንዘብና ከመሥሪያ ቤቴ የብድርና ቁጠባ ማኅበር የማገኘው ተደምሮ ከ3 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር አይበልጥም፤ ይህ ገንዘብ በምንፈልገው አካባቢ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት እንደማያወላዳ ገበያውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ወር አንድ ደላላ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ወረድ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት አሳየን። ሁለት መኝታ ክፍልና ሳሎን አለው፤ ማዕድ ቤቱና መጸዳጃ ቤቱ ከጀርባ ለብቻቸው የተሠሩ ናቸው። ካርታው 92 ካሬ ሜትር ይላል። የተጠየቅነው 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ሲሆን በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ስፋት ላለው የብሎኬት ቤት ከእጥፍ በላይ ሲጠየቅ ሰምተናል። ሻጮቹ ቤቱን ከእናታቸው የወረሱ አራት እኅትማማቾችና ወንድማማቾች ናቸው፤ ታላቅየው አሁንም እዚያው ይኖራል፤ አንዷ ጅዳ፣ አንዱ አሜሪካ ናቸው።

ያየነውን ጉዳት ልዘርዝር። ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ፣ የአንድ ብር ሳንቲም በጠርዙ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፤ ሻጮቹ «ባለፈው ጥር የመሬት መንቀጥቀጡ ያመጣው ነው» ብለውናል። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ አብጦ ተነሥቷል። ኮርኒሱ ላይ ሁለት ቦታ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ምልክት አለ፤ የአንደኛው መኝታ ቤት የጣውላ ወለል ደግሞ ጥጉ ላይ ሲረግጡት ይሰምጣል።

ባለቤቴ «እንግባና ቀስ እያልን እናድሰዋለን» ትላለች። እኔ ግን ከግዢው በሚተርፈን 300 ሺህ ብር ምን ያህሉን መጠገን እንደምንችል ግራ ገብቶኛል፤ ደላላው ደግሞ እስከ ሰኔ 30 ካልወሰንን ሌላ ገዢ እንደሚጠብቅ ነግሮናል። እንዲህ ያለ ቤት ገዝቶ ያደሰ ወይም በሙያው የሚያውቅ ሰው ቢመክረን እናመሰግናለን።

ሲቪሉ (ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.)

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እኔ የግንባታ ባለሙያ ነኝ፤ ከአዳዲስ ሕንፃ ይልቅ እንዲህ ያሉ አሮጌ ቤቶች ላይ ስሠራ ዓመታት ቆጥሬአለሁ። ስለ ካርታውና ስለ ውሉ ሌሎች ይጽፉልዎታል ብዬ ስለ ቤቱ ብቻ ልናገር።

በመጀመሪያ ጭቃ ስለሆነ ብቻ አይናቁት። የጭቃ ቤትን ጣራ የሚሸከሙት በውስጡ የቆሙት እንጨቶች ናቸው፤ ጭቃው ማገሩን የሸፈነ ልብስ ነው፤ ልብስ ደግሞ ይቀየራል። ስለዚህ የግድግዳውን መልክ ይተዉትና የቋሚዎቹን እግር ይመርምሩ። በወንዙ በኩል ልስኑ ካበጠበት ቦታ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደው፣ መዳፍ የምታህል ስፍራ ያስፈልፍሉ። ቋሚው ሲገለጥ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው በቢላዋ ይውጉት። ጫፉ ብቻ ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ጤነኛ ነው። ሳይታገል ወደ ውስጥ ከዘለቀና ሲያወጡት ቢላዋው ላይ ቡናማ ዱቄት ተጣብቆ ከመጣ ያ ቋሚ ቆሞ ያለው በልማድ ነው። ጤነኛ ሆኖ ካገኙት ደግሞ በቢላዋው ፋቅ አድርገው ያሽትቱት፤ ቀላ ያለና ሽታው የሚያውድ ከሆነ የሀገር ጥድ ነው። የጥንቶቹ ሰዎች አቅም ሲኖራቸው ቋሚውን በጥድ ያቆሙ ነበር፤ ጥድን ምስጥም እርጥበትም እንደ ባሕር ዛፍ በቀላሉ አይደፍሩትም። ይህን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በአራቱም ማዕዘንና በበሩ ግራና ቀኝ ያድርጉት፤ አንዱ ቤት ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት እንጨት ማግኘት የተለመደ ነው፤ ከጊዜ በኋላ የተቀጠለው ክፍል ብዙውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ይሆናል።

የልስኑ ማበጥ የራሱ ታሪክ አለው። ብዙ ሰው ቤቱን ያሳመረ መስሎት የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስናል። ሲሚንቶና ጭቃ አይያያዙም፤ የዶሮ ሽቦ ተመትቶ ካልተሠራ በስተቀር ጥቂት ክረምት ሳያልፍ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ ማጣቱ ነው፤ እንጨቱ የሚበሰብሰው ያኔ ነው፤ ከውጭ ያለው ልስን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይታያል። በዚህ ምክንያት እኔ ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ተለስኖና አዲስ ቀለም ተቀብቶ ለገበያ የቀረበ የጭቃ ቤት ሳይ የበለጠ እጠራጠራለሁ። የእርስዎ ሻጮች ቢያንስ ጉዳቱን አልሸፈኑትም።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ በታኅሣሥና በጥር ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በከተማው ያለ ስንጥቅ ሁሉ በእርሱ እየተላከከ ነው። የእጅ ባትሪ ይዘው ስንጥቁን በቅርብ ይመልከቱት። ውስጡ የጭቃው ቀለም ትኩስ ሆኖ ከታየ በቅርብ የተከፈተ ነው። ውስጡ ላይ ኖራ ወይም ቀለም ገብቶ ከደረቀ ግን ግድግዳው የተሰነጠቀው ከመጨረሻው ቀለም በፊት ነው ማለት ነው፤ ያኔ የመጨረሻው ቀለም መቼ እንደተቀባ ብቻ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ሁለት ጣት የሚሰፋ ስስ የጄሶ ድልድይ ሦስት ቦታ ላይ አስለጥፈው ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት። ጄሶ ተሰባሪ ስለሆነ ግድግዳው ጥቂት ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። ክረምቱን አልፎ ካልተሰነጠቀ ቤቱ ረግቷል። ቁልቁለት ላይ ያለ ቤት የሚንቀሳቀሰው አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ነውና ሰኔ ላይ ወስኑ የሚሏችሁ ሰዎች እያሳጧችሁ ያሉት ዋናውን መረጃ ነው።

ከገዙት ገንዘቡን መጀመሪያ ጣራው ላይ፣ ቀጥሎ ውኃው ላይ ያውሉት። ጣራው በሙሉ መቀየር ላያስፈልገው ይችላል፤ የኮርኒሱ ምልክት ክብና ትንሽ ከሆነ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ የምስማሩ ዙሪያ ነው፤ ቆርቆሮው በምስማሩ ዙሪያ ዝጎ ይበሳል። አሽንዳ ከሌለው ይግጠሙለት፤ ከላይኛው ጎረቤት የሚወርደውን ጎርፍ ደግሞ ግድግዳው ሳይደርስ የሚቀበል ቦይ በድንጋይ ያሠሩ። ከዚህ በኋላ ነው የቋሚዎቹ እግር የሚነካው፦ ጣራውን በባላ ደግፎ የበሰበሰውን ቆርጦ፣ በድንጋይና በኮንክሪት መቀመጫ ላይ አዲስ እግር ማቆም። የሚሰምጠው ወለል ምናልባት አንድ ሁለት ተሸካሚ እንጨት ነው፤ ሊሾ ለማድረግ አይቸኩሉ። ቀለም የመጨረሻው ነው፤ ለአንድ ዓመት ባይቀቡትም ቤቱ አያኮርፍም።

300 ሺህ ብሩ ለእነዚህ ይበቃ እንደሆነ ቤቱን ሳላይ ቁጥር አልሰጥም። ግን ሁለት አናጺ ለየብቻ ወስደው ያስገምቱ፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከወር ወር ዋጋቸው ስለሚለያይ የሚሰጧችሁን ግምት ለጥቅምት ሥራ አንድ ሦስተኛ ጨምራችሁ ያዙት።

አንዴ የተቃጠለ (ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.)

እኔ ልናገር የምችለው የደረሰብኝን ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በሌላ ክፍለ ከተማ ተመሳሳይ ቤት ገዝቼ፣ ጣራ ቀይሬ፣ ወለል አስደርጌ፣ የዕድሳቱ አቧራ ሳይለቀን አካባቢው ለኮሪደር ልማት እንደሚነሣ ተነገረን። ካሳ ተከፍሎኛል፤ ምትክም አግኝቻለሁ፤ አልተከፈለኝም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን የተከፈለኝ ለጭቃው፣ ለእንጨቱና ለቆርቆሮው ተሰልቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለሻጩ የከፈልኩት በዋናነት ለቦታው ነበር። የወንዝ ዳርቻ ልማት ቀጨኔ ወንዝንም እንደሚመለከት እየታወቀ ከወንዙ ጥቂት ሜትር ላይ ቤት መግዛት ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ብሆን አልገዛም።

ውልና ማስረጃ (ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.)

ከላይ ያሉት ወንድም የተናገሩት በሕጉም እንዲሁ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ በውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ካሳውን የሚያሰላው በዋናነት በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው። በጥሩ ብሎኬት ቤትና በጭቃ ቤት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይጎላል፤ ከ3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብሩ ምን ያህሉ ለቤቱ፣ ምን ያህሉ ለሰፈሩ እንደሆነ ራስዎን ቢጠይቁ አደጋው በቁጥር ይታይዎታል።

ይሁን እንጂ «ወንዝ ዳር ነው፣ ይፈርሳል» ብሎ መደምደምም ልክ አይደለም። መልሱ ያለው በክፍለ ከተማው የመሬትና የፕላን ጽሕፈት ቤቶች ነው። ሻጩ የካርታውን ቅጂ ይዞ አብሮዎት ይሂድና ሦስት ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፦ ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ለምን አገልግሎት ተመደበ፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ተሠርቶለት ከሆነ የወንዙ ዳርቻ መስመር የት ላይ ያልፋል፣ አሁን የጥገና ወይም የግንባታ ፈቃድ ቢጠየቅ ይስተናገዳል ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ሌሎቹን ይመልሳል፤ ሊነሣ በታሰበ አካባቢ ፈቃድ ማግኘት አስቸጋሪ ነውና። ከዚህ ጋር የካርታውን ልኬት መሬት ላይ ያስለኩት። በአሮጌ ሰፈር አጥር ከካርታ መሻገሩ የተለመደ ነው፤ ከግቢው ውስጥ ደግሞ የቀበሌ ቤት ካለ፣ ማለትም ይዞታው ቅይጥ ከሆነ፣ ሌላ መዘዝ ይከተላል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰ ቤት ሻጭ ሊኖረው አይችልም፤ «ቁልፍ ልሽጥልህ» የሚል ሰው የሚሸጠው የመንግሥትን ንብረት ነው።

ቀጥሎ ወራሾቹ። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አላቸው? ካርታው አሁን በማን ስም ነው? አራቱም ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው ካልፈረሙ ሦስቱ ተስማሙ ብለው እንዳይከፍሉ። ውክልናውን ቃል በቃል ያንብቡ። ንብረቴን ያስተዳድርልኝ የሚል ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አያበቃም፤ መሸጥ የሚል ልዩ ሥልጣን ተለይቶ መጻፍ አለበት። ወካዩ በሕይወት መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። ያገቡ ወራሾች ካሉ የትዳር ጓደኛን ስምምነት ጉዳይ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በውርስ የተገኘ ንብረት በመርሕ ደረጃ የግል ቢሆንም ሳይጣራ የቀረ ነገር በኋላ ክስ ይዞ ይመጣል።

ይዞታው ነባር፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ፣ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ ሥርዓት እንዲይዝ ደንግጓል። ሻጮቹ ያለ ሊዝ ስለያዙት እርስዎም እንዲሁ የሚይዙት እንዳይመስልዎት። የስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብር ቀረጡን፣ የሊዙን ቅድሚያ ክፍያ፣ የደላላውን ድርሻ ደምረው ከ300 ሺህ ብሩ ላይ ይቀንሱ፤ ለጥገና የሚተርፈው ያሰቡትን ያህል አይሆንም።

ቀብድን በሚመለከት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል ግን በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ካልተደረገ መሠረቱ ስለሚናጋ፣ ደላላው በሦስት ምስክር የሚያስፈርማችሁን የመንደር ውል ተማምነው ብዙ ገንዘብ እንዳያወጡ። ግብር ለመቀነስ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ ቢባሉም እሺ አይበሉ። ሕገ ወጥ መሆኑ ሳያንስ፣ ውሉ ነገ ቢፈርስ አስመልሱልኝ ማለት የሚችሉት የተጻፈውን ነው።

ተከራዩ (ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.)

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሁሉንም ከባለቤቴ ጋር አብረን አነበብነው። የኪራይ ውላችን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ለሁለት ዓመት ተመዝግቦ ገና 9 ወር ስለሚቀረው የሚያስቸኩለን የደላላው ቀን ብቻ ነው። ክረምቱን ብንጠብቅ ቤቱ ያመልጠናል የሚል ሥጋት ግን አለን። አፍርሶ በብሎኬት መሥራትስ አይሻልም ወይ የሚል ሐሳብም ወንድሜ አንሥቷል።

የአፍንጮ በር ሴት (ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.)

ልጄ፣ እኔ 63 ዓመቴ ነው፤ የተወለድኩትም፣ የዳርኩትም፣ ያረጀሁትም በጭቃ ቤት ነው፤ ስለዚህ ከመሐንዲሶቹ ጋር ሳልጋጭ ሁለት ነገር ልበል።

ያ ቁልቁለት ውኃውን የሚያወርደው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ሂዱ፤ በማግስቱ ከሆነ ሁሉም ደርቆ፣ ተጠርጎ፣ ቡና ተፈልቶ ይጠብቃችኋል። በሩ ላይ ሳትቆሙ በጀርባ ዙሩና መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሚፈስ እዩ። ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ወንዙ የሚለቀቅ ከሆነ ጠላታችሁ ስንጥቁ ሳይሆን እርሱ ነው፤ የቤቱን ሥር የሚያረጥበውም ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤትንም ጠይቁ። ሻጭ የማይነግራችሁን የታችኛው ቤት ሴትዮ ሳትጠየቅ ትነግራችኋለች።

ጭቃ የሚመርግ ሰው ከቀጨኔ ወዲያ አትፈልጉ፤ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው፤ አፈር የሚያውቅ ሰው ሞልቶታል። ጭቃው በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ቢያንስ ሳምንት ይሰንብት፤ በዕለቱ አቡክቶ በዕለቱ የሚለጥፍ ሠራተኛ ካያችሁ ሒሳቡን ሰጥታችሁ አሰናብቱት።

ሌላ ገዢ አለ ስለተባለው፣ ይህንኑ አንድ ደላላ ለልጄም ብሏት ነበር። ያ ሌላ ገዢ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሲቪሉ (ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.)

እማማ ስለ መጸዳጃ ቤቱ የተናገሩት እኔ የዘለልኩት ነውና አመሰግናለሁ።

አፍርሶ ስለ መሥራት፦ ገንዘቡ ቢኖራችሁ ኖሮ መጀመሪያውኑ ይህን ጥያቄ አትጠይቁም ነበር። አፍርሶ መሥራት የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሥራው ላይ ደግሞ ፌሮው፣ ብሎኬቱና ሲሚንቶው ቤቱን ከገዛችሁበት ገንዘብ ጋር የሚወዳደር ወጪ ያመጣል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግማሽ ላይ የቆመ ግንባታ ስንቱን ግቢ እንደሞላው በየሰፈሩ ታያላችሁ። በግማሽ የቆመ ብሎኬት ውስጥ አይኖርም፤ በተጠገነ ጭቃ ቤት ውስጥ ግን ይኖራል። ቢላዋው ከስድስቱ ቦታ አራቱ ላይ ከሰመጠ ብቻ የማፍረሱን ሐሳብ አንሡት፤ ያኔም እኔ የምመክራችሁ አትግዙ ብዬ ነው።

ተከራዩ (ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.)

ሁለት ወር ከጠፋሁ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰኔ 30 አለፈ፤ ሌላው ገዢ አልመጣም፤ ደላላው ሦስት ጊዜ ደወለ፤ በሦስተኛው ዋጋው ላይ መነጋገር እንደሚቻል ነገረን።

ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ታላቅ ወንድም ፈቅዶልን ጄሶውን ሰኔ 15 ቀን ለጠፍን። ሳሎን ስንጥቅ ላይ ያሉት ሁለቱ እስከ ትናንት ድረስ አልተነኩም። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ በእርግጥም አረንጓዴ ቀለም ገብቶ ደርቋል፤ ያ ቀለም መቼ ተቀባ ብለን ስንጠይቅ ታላቅየው ሳቅ ብሎ «እናታችን በሕይወት ሳለች» አለን። ሦስተኛው፣ በወንዙ በኩል ያለው ጄሶ ግን ሐምሌ 27 ቀን ፀጉር በምታህል መስመር ተሰንጥቆ አገኘነው። ቢላዋውን ሰባት ቦታ ሞከርን፤ ከመንገዱ በኩል ያሉት አራቱ ጥድ ናቸው፤ ባለቤቴ ሽታውን ከለየች በኋላ የፋቀችውን ፍርፋሪ በመሐረብ ቋጥራ ወሰደችው። በወንዙ በኩል ያሉት ሦስቱ ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ሁለቱ እስከ ግማሽ ምላጭ፣ አንዱ እስከ እጀታው አስገቡ። መጸዳጃ ቤቱም እማማ እንዳሉት ነው፤ ዝናቡ ባባራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሽታው መንገዱን ነገረን።

ክፍለ ከተማ ሦስት ቀን ተመላለስን። ቦታው ለመኖሪያ የተመደበ ነው፤ የዳርቻው መስመር ካርታው ላይ ያለውን ይዞታ አይነካም፤ ጥገናም እንደሚፈቀድ ባለሙያው ነግሮናል። ልኬቱ ግን ሌላ ነገር አወጣ። መጸዳጃ ቤቱ ሙሉ በሙሉ፣ ማዕድ ቤቱ ደግሞ ሲሶው ከ92ቱ ካሬ ውጭ ወንዙ በኩል ወጥተው የተሠሩ ናቸው፤ የዳርቻው መስመርም የሚያልፈው በዚሁ ወደ ውጭ በወጣው የማዕድ ቤቱ ክፍል ነው። ይህን ይዘን ሁለቱን ክፍሎች ዜሮ አድርገን 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር አቀረብን፤ ተከራክረን 2 ሚሊዮን 850 ሺህ ላይ ቆመናል። በተረፈው ገንዘብ መጸዳጃ ቤቱን ወደ ካርታው ውስጥ ማስገባት ግድ ይሆንብናል።

የዘገየነው በወረቀት ነው። ከጅዳ የመጣው ውክልና መሸጥን በግልጽ ይላል። ከአሜሪካ የመጣው ግን «ያስተዳድርልኝ» ብቻ ስለሚል ወንድሙ ኤምባሲ ሄዶ አዲስ እንዲልክ ተስማምተናል። እስኪደርስ ቀብድ አልሰጠንም፤ ታላቅየው ቅር ቢለውም ቁጥር 1723ን ካነበብንለት በኋላ ተቀብሎታል። ለ«ሲቪሉ» አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ውሉ መስከረም ላይ ከተፈረመ ሦስቱን ቋሚዎች ወዲያው እንቀይር ወይስ እንጠብቅ?

ሲቪሉ (ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.)

እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጠብቁ። መስከረም ላይ አፈሩ ገና ውኃውን አልለቀቀም፤ ያኔ ቆፍራችሁ የምታቆሙት መቀመጫ በኋላ ይሰምጣል፤ የምታስመርጉት ጭቃም ቶሎ አይደርቅም። ቦዩን ግን ቁልፉን በተረከባችሁ ሳምንት ቆፍሩ። እስከ እጀታው ባስገባው ቋሚ አጠገብ ደግሞ ዛሬውኑ አንድ ባላ ይቁም፤ ቤቱ ገና የእናንተ ባይሆንም ሰውየው በዚያ ግድግዳ ሥር እየተኛ ነውና ንገሩት። አልጋውንም ወደ ጥዱ በኩል ያዙረው።